ሙጫ የተባለው ሕዋስ



ገጠር ያደገ ሰው አልቅትን ያውቃታል። በቅሎ ከምንጭ ስትጠጣ አፏ ውስጥ ገብታ ትጣበቅና ደሟን ትመጥጣለች። ዛሬ የማወራው ግን ስለ አልቅት ነርቭ ነው፤ ይህች ፍጡር የአንጎል ሳይንስ ባለውለታ ናትና።

ከነርቭ ሕዋሳት ጎን ግሊያ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ ሙጫ ነው፤ ስሙን ያወጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ ነው። ሙጫ ከተባሉ ወዲያ ነርቭን ከመደገፍ ያለፈ ሥራ አላቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ሆነ። ስሙ ምርምሩን አዘግይቶታል ብዬ አምናለሁ።

በአልቅት ሆድ በኩል 21 የነርቭ ቋጠሮዎች ተሰድረዋል። አንዱ ቋጠሮ 400 ያህል የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ ነርቮቹ የሚገናኙበትን መሐል የሚሞሉት ግን ሁለት ግዙፍ የግሊያ ሕዋሳት ብቻ ናቸው። የአልቅት ግሊያ ትልቅ ስለሆነ ቀጭን የመስታወት ኤሌክትሮድ ይሰካበታል። ስቲቨን ከፍለርና ዴቪድ ፖተር በ1964 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የሕዋሱ ውስጥ ከውጭው በ75 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ነርቭ ግን የኤሌክትሪክ ምት አያወጣም።

ታዲያ ዝም ያለ ሕዋስ መስማቱ በምን ይታወቃል? ነርቭ ሲሠራ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፖታሲየሙም የግሊያውን አሉታዊነት ይቀንሰዋል። ይህ መስማት አይደለም። ዝናብ የመታው ግድግዳ ይረጥባል እንጂ ዝናቡን ሰማ አይባልም።

መልሱን የሰጠው የለውጡ አቅጣጫ ነው። የቬኔዝዌላው ተመራማሪ ሆርሄ ቪዬጋስ ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ግዙፍ ነርቭ ላይ ሲሠራ፣ ነርቩ በተከታታይ ሲነቃቃ የሸፈነው፣ ከግሊያ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የሽዋን ሕዋስ አሉታዊነቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ፖታሲየም ብቻውን ይህን አያደርግም። የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል የሆነው አሴቲልኮሊን ሲጨመርም ያው ለውጥ ታየ፤ ከቀስት መርዝ የሚገኘውና የአሴቲልኮሊንን ተቀባይ የሚዘጋው ቱቦኩራሪን ሲጨመር ደግሞ ነርቩ እየሠራ የሽዋን ሕዋሱ ምላሽ ቀረ። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የመልእክት ተቀባይ አለ ማለት ነው።

በአልቅትም ሴሮቶኒን የተባለው መልእክተኛ ግዙፉን ግሊያ ይበልጥ አሉታዊ ያደርገዋል፤ ለፖታሲየም መውጫ በር ይከፍትለታልና። ግሉታሜት ግን በተቃራኒው ይገፋዋል፤ ካልሲየምም ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ሕዋስ ሁለት መልእክቶችን ለይቶ ይመልሳል። እኔ ከዚህ በኋላ ሙጫ ብዬ ልጠራው አልችልም።

መስማቱ ለእንስሳው ፋይዳ ይኑረው አይኑረው የታየው በዝንብ ነው። ድሮሶፊላ በተባለችው ዝንብ እጭ ውስጥ ኦክቶፓሚንና ታይራሚን የተባሉ መልእክተኞች አስትሮሳይት በሚባለው ግሊያ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ያደርጋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎቹ ይህን መልእክት የሚቀበለውን ፕሮቲን ከግሊያው ብቻ ሲያጠፉ፣ እጩ ሽታ ተከትሎ መሄዱና ሲነካ የሚያሳየው ድንጋጤ ተዛባ። ነርቮቹን ግን ማንም አልነካቸውም ነበር።