ያ ትውልድ፣ ይህ ትውልድ፣ በመሃል ያለነውም
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ውድ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ዛሬም በዚህ ግቢ የምታስተምሩ ባልደረቦች፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከውጭ አገርም ለመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ይህን ቃል ሌላ ጊዜ ለወጉ ያህል እንለው ነበር። አሁን ግን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አዘጋጆቹ «ስለ ትውልድ ተናገር» ሲሉኝ ትንሽ አመንትቼ ነበር። ስለ ትውልድ የሚደረግ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ትናንት እራት ላይ እንኳ ሰምቼዋለሁ። አንዱ «የዛሬ ልጅ ስልኩ ላይ ተለጥፎ ይውላል፣ መጽሐፍ አይነካም» ይላል። ሌላው «እኛ እኮ በሻማ አንብበን ነው» ይላል። ወጣቱ በተራው «ከጦርነት ሌላ ምን አወረሳችሁን?» ብሎ ይመልሳል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። በዚህ አያያዝ ግን እስኪነጋ ብንከራከር ከመወራረፍ አናልፍም።

ነገሩ የእራት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። አሁን ግን ሰው እንጀራ የሚያገኝበትና የሚያጣበት ጉዳይ ሆኗል። በቅርቡ በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። የእኛው ግቢ ምሩቅ የሆነች ልጅ ማመልከቻ ቀረበ። ውጤቷ ጥሩ ነው። አንድ የኮሚቴው አባል ማስረጃዋን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የአራት ዓመቱን ትምህርት በሰባት ዓመት ነው እንዴ የጨረሰችው? ይሄ የተቆራረጠ ትውልድ ነው፣ ብዙ አይጠበቅበትም» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በሙያቸው የማከብራቸው ናቸው። የተናገሩትም ብዙ ቀጣሪ በልቡ የሚለውን ነው። እኔ ዛሬ የምመልሰው ለዚያች አባባል ነው። ለመመለስ ግን መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልገኛል፣ ታገሡኝ።

ከዚሁ ከግቢያችን እንጀምር። እንዳ ኢየሱስ የተማራችሁ ሁሉ ኮረብታውን ታውቁታላችሁ። በ1888 ዓ.ም. በማጆር ጋሊያኖ የሚመራ የጣሊያን ጦር እዚህ መሽጎ ነበር። ምሽጉን በውጊያ ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። በመጨረሻ የሠራው የእቴጌ ጣይቱ ብልሃት ነው፤ የሚጠጡትን ውሃ ያዙባቸው። ጋሊያኖ በጥር ወር ምሽጉን ለቆ ወጣ፣ ከወር ከምናምን በኋላ ዓድዋ ሆነ። የዓድዋን ትውልድ ስናመሰግን የምናነሳው ጎራዴውን ነው። እዚህ ኮረብታ ላይ ግን ያሸነፈው ውሃው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር። (ዛሬም ውሃ በቦቴ የምትጠብቅ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ይህን ስትሰሙ ብትስቁ አልቀየምም።)

ከዓድዋ በኋላ የመጣውን ትውልድ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ለእሱ አደላለሁ። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ የዓድዋ አካባቢ ተወላጅ ነው። በልጅነቱ አውሮፓ ሄዶ ተማረ፣ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ አገለገለ፣ በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ አረፈ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመለት ከሞተ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያነሳቸው የንግድ፣ የገንዘብና የቀረጥ ጉዳዮች ዛሬም ዓዲ ሓቂ ላይ በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይጠየቃሉ። የዚያ ዘመን ምሁራን ግን ጥቂት ነበሩ፣ አንባቢያቸውም ጥቂት። ከእነሱ ቀጥሎ የተማረውን ወጣት ደግሞ ፋሺስት፣ በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ እየለቀመ ገደለው። ስለ ወረራው ስናወራ የአርበኛውን ጀግንነት እናነሳለን እንጂ ይህን ኪሳራ ብዙም አንቆጥረውም። ሊያስተምሩ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፣ አላስተማሩም።

የማይጨው ትውልድ በ1928 ዓ.ም. አምባ አራዶም ላይ፣ ተምቤን ላይ፣ ማይጨው ላይ በመርዝ ጋዝ ተቃጠለ። ሁሉም ከዚህ አዳራሽ በመኪና ደርሰን የምንመለስባቸው ቦታዎች ናቸው። በ1935 ዓ.ም. ቀዳማይ ወያነ ተነሣ፤ በመስከረም 1936 መጨረሻ ላይ ከኤደን የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። እንግዲህ አንድ ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሰማይ ተመታ ማለት ነው፤ አንዴ በወራሪ፣ አንዴ በገዛ መንግሥቱ ጥያቄ። ያ ሰው ሲያረጅ ለልጆቹ ብዙ አላወራም። ዝምታውን እንደ ፈሪነት የቆጠሩበት አሉ፤ እኔ አልቆጥርበትም።

ልጆቹ «ያ ትውልድ» የምንላቸው ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ጭሰኛ አልነበሩም፤ የባለመሬት ልጆችም ነበሩባቸው። ለራሱ ያልሆነን ነገር የጠየቀ ትውልድ ነው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ተገደለ። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ወጣ፣ ጥያቄያቸው በወረቀት ላይ ተመለሰ። ከዚያ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ያው ትውልድ እርስ በርሱ ተላለቀ። በክርክር የጎበዙትን ያህል ተቃራኒን ማዳመጥ አልሆነላቸውም። ድፍረታቸውን ወረስን፤ አለመደማመጡንም አብረን ወረስነው ብል የሚከፋው ይኖራል፣ ቢሆንም እላለሁ።

እስካሁን የቆጠርኩት፣ አስተውላችሁ ከሆነ፣ በአመዛኙ ሞትን ነው። እኛ አገር ትውልድ የሚለካው እንዴት እንደሞተ እየታየ ነው። በዚህ መለኪያ በሕይወት ቆይቶ የሠራ ሰው ምንጊዜም ያንሳል። እኔ የደረቅ መሬት ግብርና ልጅ ስለሆንኩ ሌላ መለኪያ አውቃለሁ፣ እሱን ላሳያችሁ።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። በአዲግራት፣ በሕንጣሎ፣ በአሸንጌ በኩል ሲያልፉ ተራራውንና ሸለቆውን አነሡት። ከ140 ዓመት በኋላ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና የዚህ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ እነዚያን ፎቶዎች ይዘው፣ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ፣ በዚያው አንግል እንደገና አነሡ። የጠበቅነው ምን ነበር? አያቶቻችን ዘመን ጫካ፣ የእኛ ዘመን ምድረ በዳ። እንደዚያ ነዋ ሲነገረን ያደግነው። ፎቶው ግን ሌላ ተናገረ። በ1860ም መሬቱ የተራቆተ ነበር። በብዙ ቦታ የ2000 ዓ.ም. ፎቶ ከጥንቱ ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። እውነት ነው፣ ከጨመረው ዛፍ ብዙው ባሕር ዛፍ ነው፣ የአገሩ ዛፍ የቀነሰበት ቦታም አለ። ቢሆንም እርከኑ፣ ክትሩ፣ ከከብት የተከለለው ተዳፋት በፎቶው ላይ በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናታቸው የሰሜኑ ደጋ በ145 ዓመት ውስጥ እንደዚያን ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ እንደማያውቅ ጻፈ።

ይህን ማን ሠራው? ስሙ የሚጠራ ጀግና የለውም። በደርግ ጊዜ በስንዴ ክፍያ፣ በኋላ ደግሞ በዓመት ሃያ ቀን በነጻ ጉልበት፣ ድንጋይ የተሸከሙ ገበሬዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሴቶች። ውቅሮ አጠገብ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን አገኘች። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የክልሉ የመሬት ማገገም ሥራ በዓለም አቀፍ ውድድር ወርቅ ተሸለመ። ግን የትኛውም የትውልድ ክርክር ላይ «የእርከን ትውልድ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

በዚያው ጊዜ የእኛ ትውልድ እዚህ ግቢ ይማር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኮሌጁ ሲጀመር ተማሪው 40 ቢሆን ነው። በ1992 ሁለቱ ኮሌጆች ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ብዙዎቹን ያቋቋምነውና ያስተማርንባቸው እኛ ነን። በብዛቱ እንመሰገናለን፣ በጥራቱ እንታማለን፤ ሁለቱም ይገባናል ብዬ ልለፈው።

አሁን ወደዚያች ማመልከቻ እንመለስ። እነዚህ ልጆች በመጋቢት 2012 በኮሮና ከግቢ ወጡ። ሊመለሱ ሲሉ ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነቱ መጣ። በመሃል ለጥቂት ወራት ትምህርት ተጀመረ፣ እንደገና ተዘጋ። ከሰኔ 2013 በኋላ ባንክ የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመና ግቢው ዳግም ተከፈተ። በመሃሉ የሞቱ አሉ። ከዚህ ግቢ የወጡ ልጆች በተለያየ ጎን ሆነው ሞተዋል፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ሐዘንተኞች ከሁሉም ወገን ናችሁ፣ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አይደር ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሞችና ነርሶች ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ ሠርተዋል፤ ጓንት እያጠቡ፣ መድኃኒት ሲያልቅ በሽተኛ አጠገብ እየቆሙ። ብዙዎቹ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ስልኩ ላይ የተለጠፈው ትውልድ ማለት ይህ ነው። በከበባው ጊዜ ዛፍም ተቆርጧል፣ አልክድም፤ ከሰልና ማገዶ ሌላ አልነበረም። ፎቶው አሁን እንደገና ቢነሣ የ2000ውን ያህል አይለመልም። ያንን መልሶ መትከልም የሚጠብቃቸው እነሱን ነው።

ልጅቷ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ያው የኮሚቴ አባል «በእነዚያ ዓመታት ምን ትሠሪ ነበር?» ብለው ጠየቋት። «የሰፈር ሕፃናት ፊደል አስቆጥር ነበር፤ ለአባቴ ደግሞ ኢንሱሊን ፍለጋ እዞር ነበር» አለች። አባቷ ተርፈው እንደሆነ የጠየቃት የለም፣ እሷም አልተናገረችም። ቦታው በኋላ በውስጥ ዝውውር ተሞላና አልተቀጠረችም። ሌሎቹ ጓደኞቿ በየቦታው ማመልከቻ ይዘው ይዞራሉ፤ የሰለቻቸው በየመን በኩል መንገድ ጀምረዋል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ባንክ የምትመሩ፣ ፕሮጀክት የምትመሩ፣ በቢሮ ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የምለምናችሁ ገንዘብ አይደለም። ማስረጃው ላይ የ2013ንና የ2014ን ክፍተት ስታዩ ወረቀቱን ወደ ጎን አታድርጉት፤ ልጁን ጠርታችሁ ያን ጊዜ ምን ሲሠራ እንደነበር ጠይቁት። መልሱ የማይረባ ከሆነ አትቅጠሩት።

በመግቢያው ካለው የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስም ማንጠልጠያው ጎን፣ ፈቃዳቸውን የሰጡ ሥራ ፈላጊ ምሩቃን ዝርዝር በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ ተቀምጧል። ስልክ ቁጥራቸውም አለበት። ለምሳ ስትወጡ በዚያ በኩል እለፉ።