ማበደርም ትምህርት ነው



የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም አገራችን ከዓለም ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር ተበድራለት ነበር። ከዚያ ወዲህ መበደሩን ለምደነዋል፤ ማበደሩን ግን ገና አልተማርነውም እንላለን።

በ2010 ዓ.ም. ገደማ ባንኩ ካበደረው ገንዘብ ከመቶ 40 ያህሉ በውሉ መሠረት የማይመለስ ሆነ። በጋምቤላ ይዞታቸው ለተደራረበ እርሻዎች ሳይቀር ብድር ተሰጥቶ ነበር። ጥፋቱ የባንክ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ካርታውን የሚሰጠው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ቢሆንም ድንበሩን ሄዶ ያየ፥ ጎረቤቱንም የጠየቀ ባለሙያ ይህን አይስተውም ነበር።

እኛ በክፍል ውስጥ የሒሳብ መዝገብ መመርመርና መያዣ መገመት እንማራለን፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን ለብድር ክፍል የሚታጭ ወጣት ከሰኔ እስከ ኅዳር መተማ ቢከርም፥ ሰሊጡ በክረምት ተዘርቶ በጥቅምት ሲታጨድ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ በነሐሴ ክፈል የሚል ውል አይጽፍም። በመያዣ የተመዘገበው ትራክተርም በእርግጥ እዚያ መኖሩን ያውቃል። ከሁሉ የሚከብደው «ይህ ሥራ አያዋጣም» ብሎ ለአለቃ መጻፍ ነው፤ ይህን በምን ኮርስ እንደሚያስተምሩን መምህራኖቻችን ይምከሩበት።

በበኩላችን የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች የክረምት ልምምድ ከባንክ ቤት ጠረጴዛ ይልቅ በተበዳሪው እርሻ ላይ እንዲሆን ለፋኩልቲው ማመልከቻ እናቀርባለን።