የሚያይ ድምፅ፣ የሚያክም ድምፅ

የዛሬዎቹ ተመራቂ አዋላጆችና ነርሶች፤

ዛሬ የማወራላችሁ ጆሮ ስለማይሰማው ድምፅ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር የቡሌን ዳገት ወርዳ ትመጣለች። ትጋደማለች፤ ሆዷን ቀዝቃዛ ጄል ትቀቧታላችሁ፤ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ታሳርፋላችሁ፤ ወዲያው የሕፃኑ ልብ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ጄሉ ለምን እንዳስፈለገ ታውቃላችሁ፦ ድምፁ አየርን ማለፍ ስለሚያቅተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል።

ይኸው ድምፅ ያክማል። ከብዙ አቅጣጫ ተልኮ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኝ፣ ፀሐይ በማጉያ መስታወት ተሰብስባ ደረቅ ቅጠል እንደምታቃጥል ሁሉ፣ የታመመውን ሥጋ በሰከንዶች ውስጥ ያሞቀውና ይገድለዋል። በመንገዱ ያለፈበት ቆዳ ግን አይቆረጥም፤ ስፌትም አይኖርም።

በፈረንጆች 1950ዎቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዊልያምና ፍራንሲስ ፍራይ የተባሉ ወንድማማቾች ይህን በአንጎል ላይ ሞክረውታል። የራስ ቅል ድምፁን ስለሚበትነው አጥንቱን መክፈት ግድ ሆኖባቸው ነበር። ዛሬ 1,024 የድምፅ ምንጮች ያሉት ቆብ አለ፤ አጥንቱ የሚያዛባው አስቀድሞ ተሰልቶ በእያንዳንዱ ምንጭ ይቃናል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነቅቶ እንደተኛ ይታከማል። በሕክምናው መሐል ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጡትና ጠመዝማዛ መስመር እንዲስል ይጠይቁታል፤ ቅድም የተሰባበረው መስመር እየጠራ ሲመጣ እሱም ሐኪሙም ያያሉ። አሜሪካ ይህን በ2016 ፈቅዳለች።

በድምፅ መድኃኒትን ወደ አንጎል የማስገባቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይደንቃል። አንጎል ከደም የሚመጣውን እየመረጠ የሚያስገባ አጥር አለው፤ ብዙ መድኃኒት እዚያ ደርሶ ይመለሳል። በደም ሥር ጥቃቅን አረፋዎች ይሰጣሉ፤ ድምፁ ሲመታቸው ያብጣሉ፣ ይኮማተራሉ፤ አጥሩ ለጥቂት ሰዓታት ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። በ2015 ቶሮንቶ ውስጥ የአንጎል ዕጢ ላለበት ታማሚ ኬሞቴራፒ በዚህ መንገድ ተሰጥቷል። ገና በምርምር ላይ ስለሆነ ለማንም ቤተሰብ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትነግሩ።

ለሀገራችን ግን ከአንጎሉ ቆብ በፊት የምመኘው የማዮማን፣ ማለትም የማህፀን ዕጢን፣ በድምፅ ማከምን ነው። አሜሪካ በ2004 የድምፅ ሕክምናን የፈቀደችው ለዚሁ ሕመም ነበር። በአልትራሳውንድ ብቻ እየተመራ የሚሠራ ዓይነትም ስላለ ሕክምናውን ለመምራት ትልቁ የኤም አር አይ ማሽን የግድ አይደለም። ሴቶቻችን ማዮማን ተሸክመው ዓመታት ይኖራሉ። ደሟ በየወሩ እየፈሰሰ ደም ማነስ የያዛት እናት እንሰት ስትፍቅ ቆም እያለች ትተነፍሳለች፤ ሕመሟንም «የሴት ነገር» ብላ ትደብቀዋለች። ማህፀን ማውጣት ይሻላል ሲሏት ደግሞ ገና መውለድ የምትፈልገዋ ትሸሻለች። እርግጥ ይህ ሕክምና ለሁሉም ማዮማ አይሆንም፤ አንጀት በመንገዱ ላይ ከተኛ አየሩ ድምፁን ያግደዋል። ለወደፊት መውለድ ምን ያህል እንደሚበጅም ገና እየተጠና ነው። ቢሆንም ከቢላዋ ሌላ ምርጫ ማግኘት ይገባታል፤ ይህን የሚመለከተው ሁሉ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ።

ማሽኑ በመጣ ቀን ማንን እናክማለን? ያያችኋትን፣ የመዘገባችኋትን፣ በጊዜ ወደ ዲላ ሆስፒታል የላካችኋትን ነው። ድምፁ የሚያተኩረው አስቀድሞ በታየ ነገር ላይ ነውና። ስለዚህ ፕሮቡ ለነፍሰ ጡር ብቻ ነው ብላችሁ አታስቀምጡት። ስለ ወር አበባዋ ስትጠይቋት ስንት ሞዴስ ወይም ስንት ጨርቅ እንደምትቀይር ጠይቁ፤ «ደህና ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። የወር አበባዋ ካቆመ በኋላ ደም ያየች እናት ከመጣች ግን ማዮማ ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ላኳት፤ የመኪና መሳፈሪያ ካጣችም ቤተሰቧን ጠርታችሁ አነጋግሩ።