ስለ ኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሸክላዎች ያለን አስተያየት
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ ሙዚቃ ጥቂት እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ርእሱን የመምረጥ ነጻነት ተሰጥቶን ነበር። እኛም የመረጥነው ወላጆች «ጩኸት» የሚሉትን፣ ልጆች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቢሰሙት የማይሰለቹትን በኮምፒዩተርና በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ይኸውም በሸክላ ታትሞ ሲገኝ ማለታችን ነው። ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርን ብዙ ዘመን ስለ ሆነን ከመደርደሪያችን የአምባሰልና የትዝታ ሸክላ ከዲትሮይትና ከሙኒክ ሸክላ ጋር ጐን ለጐን ቆሟል። ጐረቤቶቻችን የትኛውን ይበልጥ እንደሚታገሡ ልንነግራችሁ አንወድም።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውቅ። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ በሸክላዎቹ ሽፋን ላይ የተጻፈው እንደዚያ ስለ ሆነ ነው።

ከእናንተ ከተማሪዎች ብዙዎቻችሁ «ሸክላ» ሲባል ትዝ የሚላችሁ ጀበናና ምጣድ ይሆናል። የሚያስቅም አይደለም፤ የጥንቶቹ የሙዚቃ ሸክላዎች ከእጅ ሲወድቁ እንደ ጀበና ይሰበሩ ነበርና ስሙ ከዚያ የመጣ ይመስለናል። የዛሬው ግን የማይሰበር ፕላስቲክ ነው። በላዩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቦይ ከዳር ወደ መኻል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና በማጉያው ኃይል አግኝቶ ድምፅ ይሆናል። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ዙር ከሢሶ እየዞረ በአንድ ፊቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ትንሹ 45 ጊዜ ይዞራል፤ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘፈን ነው።

የአገራችን ድምፅ በሸክላ የገባው ቀደም ብሎ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ሳሉ ዘፈኖቻቸውን ለሸክላ ሰጥተዋል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሸክላ የማሳተሙ ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር ጥሶ የወጣው በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው ዐምሃ እሸቴ ነው፤ የመጀመሪያው ሸክላውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ዘፈኑ በአዲስ አበባ ተቀርጾ ወደ ውጭ አገር ይላክና ታትሞ ይመለስ ነበር። ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው ነጋዴም በካይፋ ስም የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የመሰለ ሥራ አወጣ። ከዚያ ወዲያ አብዮትና ሰዓት እላፊ መጣ፤ ካሴትም መጣ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላው ቀረ። ዐምሃ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ2021 ዐርፏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። 1977ን እናስብ። በዚያ ዓመት በሙኒክ ከተማ ጆርጆ ሞሮደር የሚባል አቀናባሪ ለዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ» የሚባለውን ዘፈን ሠራ፤ የባሱ ድምፅ ሙግ ከሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ የወጣ ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የዋልያስ ባንድ «ቸብ ቸብ» እያለ የሚያስጨፍረውን «ሙዚቃዊ ስልት» የያዘውን «ቸ በለው» የተባለ ሸክላ አወጣ፤ ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ ተጫውቶበታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አለበት። ሁለቱን ሸክላዎች በአንድ ምሽት አከታትለን ሰምተናል። የሙኒኩ እንደ ስፌት መኪና ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ፍጥነት፣ አንድ መስመር። የአዲስ አበባው ግን ሰው ይተነፍስበታል፤ ከበሮ መቺው ጥቂት ሲቸኩል ኦርጋኑ ይጠብቀዋል። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁን ያለ ማመንታት የራሳችንን እንመርጣለን። ሆኖም የሙኒኩን የሚንቅ ሰው ሸክላውን በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሰምቶት አያውቅም ማለት ነው፤ በስልክ የሰማ ሰው አልሰማውም።

ይህም የሚሆንበት ምክንያት አለው። ወፍራም ድምፅ፣ ባስና ከበሮ ማለት ነው፣ በሸክላ ላይ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል። ዘፈኖች በአንድ ፊት ሲጨናነቁ ቦዩ ይጠባል፤ ድምፁም ይደክማል። በ1970ዎቹ በኒው ዮርክ አንድ ዘፈን ብቻውን በትልቁ ሸክላ ላይ ሲቀረጽ ቦዩ ተንሰራፋ፤ ባሱም ጭፈራ ቤቱን የሚያንቀጠቅጥ ሆነ። ባለ 12 ኢንቹ የጭፈራ ሸክላ የተወለደው እንዲህ ነው። ከዚያም የቺካጎና የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ተነሡ። ሁዋን አትኪንስ በ1985 «ኖ ዩፎስ» የሚባለውን አወጣ፤ ዴሪክ ሜይ በ1987 «ስትሪንግስ ኦቭ ላይፍ» የሚባለውን አስከተለ። ይህ የኋለኛው የባስ መስመር የሌለው የጭፈራ ሸክላ ነው! ፒያኖው ብቻውን ሰውን ያስነሣል። እነዚህ ልጆች ሀብታሞች አልነበሩም፤ ሰው የማይፈልገውን ርካሽ የከበሮ ማሽን ገዝተው ሠሩበት። ተማሪዎች ይህን ልብ እንድትሉ እንወዳለን፤ መሣሪያ የለንም የሚል ክርክር ሁልጊዜ አያዋጣም።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ቅር የሚያሰኝ ይሆናል። ከገዛናቸው የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሸክላዎች ግማሾቹ ለመደርደሪያው የማይበቁ ናቸው። አንድ ምት ለስድስት ደቂቃ ይደጋገማል፤ አጫዋቹ ከሌላ ሸክላ ጋር ያያይዝበት ዘንድ የተሠራ መሣሪያ እንጂ ሰው ተቀምጦ የሚሰማው ሙዚቃ አይደለም። መዶሻ ለአናጢ ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ ግን አይቀርብም። ዋጋውም ደግሞ አለ፤ አንድ አዲስ ሸክላ በውጭ አገር ብዙ ጊዜ ከ25 ዶላር በላይ ነው፤ እስከ ሚዛን ተፈሪ ሲመጣ የማጓጓዣው ዋጋ ከሸክላው ይበልጣል። ስለዚህ ሽፋኑን አይቶ መግዛት አይበጅም፤ አስቀድሞ ሰምቶ፣ ሦስት ቀን ቈይቶ ደግሞ ሰምቶ፣ አሁንም ካልተረሳ ያን ጊዜ መግዛት ነው።

መደጋገም ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ይህንም በሙቀጫ እናስረዳ። በቴፒም ሆነ በሚዛን መንደሮች ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው አንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ሰምታችኋል፤ አንዷ ስታነሣ ሌላይቱ ትጥላለች። ምቱ ቀጥ ያለ ነው፤ አይቸኩልም፤ አይዘገይም። ደቂቃ ሲያልፍ ግን ጆሮ ሌላ ነገር መስማት ይጀምራል፤ የዘነዘናው ድምፅ እህሉ እየላመ ሲሄድ ይለወጣል። ጥሩው የኤሌክትሮኒክ ሸክላ እንደዚሁ ነው፤ ምቱ ሳይለወጥ በውስጡ ያለው ይልማል። መጥፎው ባዶ ሙቀጫ የሚወቅጥ ነው።

በአገራችን ሰው ከተሠሩት መካከል ሁለት ሦስቱን እንጥቀስ። ኃይሉ መርጊያ ወደ ዋሽንግተን ከሄደ በኋላ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሙግ፣ ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አስማምቶ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ያን ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 በሸክላ አሳተመው፤ ኃይሉም እንደ ገና በዓለም መድረክ ቆመ። በሸክላ የታተመውን ስንሰማ የከበሮ ማሽኑ የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ አኮርዲዮኑ ግን ከማሽኑ በላይ እንደ ሰው እያዘነ ይሄዳል። ከኤሌክትሮኒክ ሸክላዎቻችን ሁሉ አንዱን ብቻ አትርፉ ብንባል ይህንን እናተርፋለን።

ሁለተኛው ሚካኤል ሰይፉ ነው። «ያራዳ ልጅ» የሚለውን በ2014፣ «ዘላለም» የሚለውን በ2016 አውጥቷል። ጓደኛው እንደገና ሙሉም ይህን መንገድ የሄደ ሲሆን ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠርተውታል። እነዚህ ወጣቶች የአገሩን ዜማ እንደ በርበሬ ከላይ አልነሰነሱትም፤ ከታች መሠረት አድርገውታል። ይሁን እንጂ ሸክላዎቻቸው የታተሙት ለውጭ ገበያ ስለ ሆነ እዚህ የሚያገኛቸው ሰው ጥቂት ነው። በዚህ እናዝናለን።

ስለ ምቱም አንዲት ቃል እንጨምር። የአውሮፓው የጭፈራ ሸክላ አራት እየተባለ ይቈጠራል፤ በእያንዳንዱ ቍጥር ላይ ትልቁ ከበሮ ይመታል። «ችክችካ» የምንለው ግን ስድስት ነው፤ ሦስትና ሁለት በአንድነት ይጫወቱበታል፤ ትከሻ የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ሲከፈት አስቀድሞ አራትን ያቀርባል። ብዙ ልጆች ያን ሳይለውጡ የአገራቸውን ዘፈን በግድ ይከቱበታል፤ ዘፈኑም በጠባብ ጫማ እንደሚሄድ ሰው ያነክሳል። ቍጥሩን መለወጥ ግን ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነገር ደረስን። ያሉንን የአገር ሸክላዎች አንድ በአንድ ስንመረምር አብዛኞቹ በአማርኛ ናቸው፤ የኦሮምኛና የትግርኛም አሉ። የቤንች፣ የሸኮ፣ የሸካ፣ የካፋ፣ የመጀንግ፣ የሜኤን ወይም የዲዚ ዘፈን ግን በእጃችን ከገቡት በአንዱም ላይ አላገኘንም። ቡናችን ዓለምን ዞሯል፤ ዘፈናችን ግን የሸክላውን ዘመን በሙሉ ሳይቀረጽ አሳልፏል። ዛሬ ቀራጩ ማነው? የእናንተው ስልክ ነው። አንድ ልጅ በሠርግ ላይ የአያቱን ዘፈን ይቀርጻል፤ ሌላው ይቀበለውና የከበሮ ማሽን ያስገባበታል፤ ሦስተኛው ያሰራጨዋል። በሦስተኛው እጅ ላይ የአሮጊቲቱ ስም የለም፤ የመንደሯም ስም የለም፤ ቋንቋው እንኳ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

የሰውን ድምፅ ቈርጦ በአዲስ ሥራ ማስገባት በዓለም የተለመደ ነው፤ ነውርም አይደለም። በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱ አስታጥቄን «የገሌ ትዝታ» ቈርጠው አዲስ ዘፈን ሠርተውበታል። ዜማው የማን እንደ ሆነ ግን ማንም ሊያውቅ ይችላል፤ በሸክላ ታትሞ ስሙ ተጽፎበታልና። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? አገራችን በ2004 ያወጣችው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 የዜማ ደራሲን ብቻ ሳይሆን ዘፋኙንና አሳታሚውንም ይጠብቃል፤ ነገር ግን አዋጅ ስም የሌለውን ሰው ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው፤ ከበሮውን ከማስገባታችሁ በፊት የዘፋኙን ሙሉ ስም፣ ቀበሌውን፣ ቋንቋውን፣ ቀኑንና ፈቃዱን በደብተር ጻፉ። ያልተነካውን ቅጅ ለብቻው አኑሩ። ገንዘብ ከተገኘ ለባለ ድምፁ አካፍሉ። የሙዚቃው ክበብ አንድ መዝገብ ቢከፍት ደብተሩን እኛ እንገዛለን።

ወላጆች ደግሞ በየቤታችሁ አሮጌ ሸክላ ካለ አትጣሉ። በእኛ አገር የሸክላ ጠላት እርጥበት ነው፤ ዝናቡ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር በሚጠጋበት አገር የካርቶን ሽፋን በአንድ ክረምት ይሻግታል። ቡናችሁን እንዴት ነው የምትጠብቁት? ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ አስጥታችሁ፣ እርጥበቱ ወደ 12 ከመቶ እስኪወርድ አገላብጣችሁ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ታኖራላችሁ። ሸክላም ከመሬት ከፍ ይበል፤ አየር ያግኝ፤ ፀሐይ ግን አይንካው፤ ይጣመማልና። ተጋድሞ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ይቁም። የሻገተውን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ቦዩን ተከትሎ ማጠብ ነው፤ በአልኮል አትሹት፤ የጥንቱን ሸክላ ያበላሻል።

ማጫወቻውን ይዘን መጥተናል። የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በአዳራሹ «ቸ በለው»ን፣ «ሸሞንሟናዬ»ንና የዲትሮይቱን እናሰማለን፤ ወላጆችም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ ጩኸቱ ከበዛ ድምፁን እንቀንሳለን። ሸክላ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ዳርና ዳሩን ብቻ ይዞ። መብራት ከጠፋ ለእሑድ ይተላለፋል።