ጥፋት ባለቤት አለው

በሳምንት አንዴ የምታገኟትን እሑድ ሰጥታችሁን እዚህ የተገኛችሁ እኅቶቼ፣

ስለ አእምሮ ጽናትና ስለ መከፋፈል እንድናገር ስጋበዝ፣ ንግግሬን ከዚሁ ካለንበት የቤይሩት ሰፈር፣ ከኦዛይ፣ ልጀምር አልኩ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከኢማም አል-አውዛዒ ነው። እ.ኤ.አ. በ707 በበአልበክ ተወልደው በ774 ቤይሩት ያረፉ የእስልምና ሕግ ሊቅ ናቸው፤ መቃብራቸውም እዚሁ ይገኛል። በ759 ገደማ በሊባኖስ ተራራ፣ በሙነይጢራ አካባቢ፣ የተወሰኑ ክርስቲያኖች በዐባሲዶች አስተዳደር ላይ ዐመፁ። አገረ ገዢው ሷሊሕ ኢብን ዐሊ ዐመፁን በኃይል አፈነ፤ በዚህም ሳያበቃ እጃቸው የሌለበትን ነዋሪዎች ጭምር ከቀያቸው አፈናቀለ። ኢማሙ ደብዳቤ ጻፉለት። የጥቂቶች ዳፋ ለብዙኃን እንዴት ይተርፋል ብለው፣ ሰው በገዛ ሥራው እንጂ በሌላው እንደማይጠየቅ ቁርኣንን እየጠቀሱ ሞገቱት።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኢማሙ ዐመፅ አልነበረም አላሉም። ያጠፋ አይቀጣም አላሉም። ጥፋቱን ለባለቤቱ ስጠው ነው ያሉት። የተናገሩትም ሃይማኖታቸው ላልሆኑ ሰዎች፣ በገዛ ወገናቸው ገዢ ፊት ነው። ዛሬ የአእምሮ ጽናት የምለው ይህንን ነው፤ በተቆጣንበትና በፈራንበት ሰዓት እንኳ ሰውን ከወገኑ ለይቶ የማየት ብቃት። ሲፈጠር ያልተሰጠው ሰው በልምምድ ያገኘዋል።

በጅምላ መፈረጅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። የአሠሪያችሁ የማዳም ቀለበት ጠፋ፤ ቤቱ ተገለበጠ፤ ቦርሳችሁ ተበረበረ። «ሐበሻ ሁሉ ሌባ ናት» ተባለ። ማታ ቀለበቱ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተገኘ፤ ይቅርታ ያለ ግን የለም። በዚያች ቅጽበት ስማችሁም፣ የዓመታት ታማኝነታችሁም ተሰርዞ የቀረው «ሐበሻ» የሚለው ብቻ ነው። ያን ቀን የተሰማችሁን አስታውሱ። ከዚያ በኋላ እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ «እነሱ እኮ ሁሉም እንደዚህ ናቸው» ስንባባል ጆሯችሁን ስጡ። የብሔሩ ስም ይቀየራል እንጂ አነጋገሩ ያው የማዳም አነጋገር ነው። ለነገሩ «ማዳም ሁሉ አንድ ናት» የምንለውም ከዚያው ይቀዳል።

ይህች አገር የዚህን አነጋገር ዋጋ ከፍላለች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1975 ፋላንጅ የተባለው የክርስቲያኖች ፓርቲ አራት አባላት ተገድለው ተገኙ። በዚያው ዕለት የፋላንጅ ታጣቂዎች በቤይሩት መንገዶች ላይ ኬላ ዘርግተው መታወቂያ ይጠይቁ ጀመር። መታወቂያው ላይ ሃይማኖት ይጻፍ ስለነበር ስለ ሰውየው ሌላ የጠየቀ አልነበረም። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ቀኑም «ጥቁር ቅዳሜ» ተብሎ ቀረ። የአራት ሰው ደም ገዳዮቹን ከማያውቁ ሰዎች ተጠየቀ፤ ለዚያም ሌላው ወገን በፈንታው አጸፋውን መለሰ። ጦርነቱ እስከ 1990 ዘለቀ።

ታዲያ ሰውን ከሰው የሚለየው ይህ መስመር ከተፈጥሮ የመጣ ነውን? ከጦርነቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1963፣ የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲው ሉጥፊ ዲያብ ዐሥራ ስምንት የቤይሩት ልጆችን ለክረምት ካምፕ ሰበሰበ። ዕድሜያቸው ዐሥራ አንድ ገደማ ነበር፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩባቸው። ሃይማኖታቸውን ቀላቅሎ በሁለት ቡድን ከፈላቸው፤ አንዱ «ሰማያዊ መናፍስት»፣ ሌላው «ቀይ ጂኖች» ተባለ። ውድድር ሲጀመር ጠቡ ከረረ፤ ካምፑም መቋረጥ ግድ ሆነበት። የሚገርመው፣ ልጆቹ የተደባደቡት ክርስቲያን ከሙስሊም ሆነው አልነበረም። ሰማያዊ ከቀይ ሆነው ነው። በቀናት ውስጥ የተፈጠረ ስም በውልደት ከመጣው ስም በለጠ። ይህ ያስፈራል፤ በማንኛውም መስመር ልንባላ እንችላለንና። ተስፋም ይሰጣል፤ መስመሩ ከተሠመረ ሊለወጥም ይችላልና።

እኛም 2020ን አይተናል። በዚያ ዓመት የሊባኖስ ገንዘብ የሊራው ዋጋ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ፣ አንዳንዶቹን ያለ ፓስፖርት፣ ሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አራገፏቸው። ኦገስት 4 የቤይሩት ወደብ ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በእነዚያ ወራት በቤት ሠራተኞች እጅ በ2017 የተመሠረተው «እኛ ለእኛ በስደት» ምግብና የቤት ኪራይ ሲያድል፣ እኅቶች በአንዲት ክፍል ተደራርበው ሲያድሩ፣ መስመሩ «ስደተኛ» የሚል ነበር። ኖቬምበር ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ፈነዳ። በየአገሩ ያለው ስደተኛ ለየጎራው ተሰለፈ፤ አብረው የበሉ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ። በ2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በሰዎች መካከል የተቋረጠውን ሰላምታ ግን የሚቀጥል ፊርማ የለም። ያን መቀጠል የእኛ ፈንታ ነው።

እንዴት? መጀመሪያ ለራሳችን እንዘን። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆሞ የዋለ ሰው፣ ወጥ ቤት ጥግ ወይም በረንዳ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲከፍት፣ የተቃጠለ መንደር ቪዲዮ በደከመ አእምሮ ላይ ይወርድበታል። በድካም የተፈረደ ፍርድ አይጠናም። ስለዚህ ሌሊት የሰማነውን ለሌሊት እንተወውና ጠዋት እንየው።

ሁለተኛ፣ ሐሳብን ከራስ ለይቶ ማየት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለጭንቀት ጊዜ ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ የሚያስተምረው ክህሎት አለ። አስጨናቂ ሐሳብ ሲመጣ በስሙ መጥራት፣ ከዚያም ትኩረትን ወደ ያዙት ሥራ መመለስ ነው። «እነሱ ጨካኞች ናቸው» ከማለት «እነሱ ጨካኞች ናቸው የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ማለት። ሁለተኛውን ያለ ሰው የሐሳቡ ባሪያ አይሆንም፤ ሊመረምረው ጊዜ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ የራስን ግምት የሚያፈርስ ማስረጃ መፈለግ። ፒተር ዋሰን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1960 ባሳተመው ጥናት ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጠና የተደረደሩበትን ሕግ ድረሱበት አላቸው። ሌሎች ቁጥሮችን እያቀረቡ መጠየቅ ይችሉ ነበር። ብዙዎቹ በሁለት በሁለት ይጨምራል ብለው ገምተው እንደ 8፣ 10፣ 12 ያለውን ብቻ ሞከሩ። ትክክል እየተባሉ ሄዱና ሕጉ ይህ ነው ብለው መጀመሪያ ሲናገሩ ሳቱት። ሕጉ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሂድ የሚል ብቻ ነበር፤ 1፣ 5፣ 90 ብሎ የሞከረ ግምቱ ጠባብ መሆኑን ይደርስበት ነበር። እኛም ስለ አንድ ብሔር የያዝነውን ግምት የሚያጸኑ ቪዲዮዎች ብቻ ስንለቅም እንውላለን። ያበደረችንን፣ ስንታመም ያስታመመችንን የዚያ ብሔር ልጅ ግን ከቁጥር አናገባትም።

አሁን አንዷ እኅቴ በልቧ «ወንድሜ ሞቶብኝ፣ ቤታችን ተቃጥሎብኝ፣ አእምሮሽን አለዝቢ ትሉኛላችሁ?» ትል ይሆናል። ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ እርሺ አልልሽም፤ ኀዘንሽም መብትሽ ነው። ነገር ግን ፍትሕ የሚገኘው ማን፣ የት፣ መቼ እንዳደረገው ሲታወቅ ነው። «ሁሉም» ከተባለ ማንም አይጠየቅም፤ እውነተኛው ገዳይ በወገኑ ውስጥ ተደብቆ ያመልጣል። በደሉን ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ መለየት ያለበት የተበደለው ሰው ነው።

ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በእነዚህ የቤይሩት ደቡብ ሰፈሮች ቦምብ ሲዘንብ፣ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ፣ ከመጠለያም የተመለሱ ስደተኞች ነበሩ። የቤይሩቱ የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የመጡትን ሃይማኖት ሳይለይ ተቀበለ። «ሊባኖሳዊ ሁሉ» የምትል አፍ ጥሎ የሸሸውንም በሩን የከፈተውንም በአንድ ቃል ትጠራለች።

እንግዲህ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እቁብ አላችሁ፣ የጽዋ ማኅበር አላችሁ፣ የቡና ጓደኞች አሏችሁ። በየእቁባችሁና በየማኅበራችሁ ደንብ ላይ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፦ ማን አደረገው? መቼና የት? ማን አየ? አንድ ሰው ስለ አንድ ወገን ክፉ ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ተረኛዋ ሦስቱን ትጠይቅ። መልስ ካለ ስለ አጥፊው እንነጋገር፤ እንዘን፤ ይጠየቅም እንበል። መልስ ከሌለ ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነውና ወሬው እዚያው ይቁም፤ ወደ ሌላ ስልክም አይተላለፍ። ተረኛነቱ ከዛሬ እሑድ ይጀምር።