ወረርሽኝና የልብ ድካም ሕሙማን በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ



ወረርሽኝ በገባበት አገር ሁለት ዓይነት ሙታን አሉ። የመጀመሪያዎቹ ተሕዋሲው ራሱ የገደላቸው ሲሆኑ፣ ተቆጥረው በየዕለቱ መግለጫ ይነገርላቸዋል። ሁለተኛዎቹ ግን ተሕዋሲው ሳይነካቸው፣ መንገድ ስለ ተቋረጠ፣ መድኃኒት ስላለቀ፣ ሐኪም ቤቱም ስላስፈራቸው በየቤታቸው ያለፉት ናቸው። እነዚህን የሚቆጥራቸው የለም። የልብ ድካም ሕሙማን ከሁለቱም ወገን ሊመደቡ የሚችሉ ስለሆኑ የዚህ ንግግር መነሻ እነርሱ ናቸው።

የመካነ ሰላም ከተማ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ወረዳ ትገኛለች። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚያልፈው መንገድ ደጋውን አቋርጦ ይደርስባታል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ጎጃም ይሻገራል። ወግዲ፣ ከለላ፣ ሳይንትና ለጋምቦ ከዚሁ ደጋ ይመደባሉ። አገሩ ከፍተኛ፣ ብርዳም፣ በገደልና በወንዝ የተከፋፈለ ነው። ከገደሉ ማዶ የሚኖር ሕመምተኛ በመጀመሪያ በእግሩ ወይም በበቅሎ እስከ መኪና መንገድ ይመጣል፤ ቀጥሎ ወደ ከተማይቱ ይጓዛል፤ የልብ ስፔሻሊስት ሐኪም ማየት ሲያስፈልገው ወደ ደሴ፣ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝለት ደግሞ እስከ አዲስ አበባ መዝለቅ ይኖርበታል። ጤነኛው ሰው የሚደክምበትን ዳገት፣ ልቡ የደከመው ሰው መውጣት የሚገባው መድኃኒቱን ለማግኘት ሲል ነው።

በበለጸጉት አገሮች የልብ ድካም በአብዛኛው የሽማግሌዎች ሕመም ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ግን ብዙ ጊዜ በለጋ ዕድሜ ያሉትን ይይዛል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በልጅነት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ሲሆን፣ ይህ ትኩሳት የልብን በሮች ያበላሻል። የደም ብዛት፣ በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ የሚከሠት የልብ ጡንቻ መድከም፣ እንዲሁም የቆየ የሳንባ ሕመም ሌሎቹ ምክንያቶች ናቸው። ስለዚህ በልብ ድካም የሚተኛው ብዙ ጊዜ የሚያርሰው ጎልማሳ፣ የምታጠባው እናት፣ ወይም ትምህርቱን ያላጠናቀቀው ልጅ ነው።

ይህ ሕመም አንድ ጊዜ ታክሞ የሚተው አይደለም። በሰንሰለት የተያያዘ ጥበቃ ይፈልጋል። ውኃ የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ በየቀኑ ይዋጣል፤ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የልብን ሸክም ያቀልላሉ፤ የልብ ምትን የሚያረጋጉት መድኃኒቶች በድንገት መቋረጥ የለባቸውም፤ ሩማቲክ ያለበት ሰው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሕመምተኛው ወዲያው አይሞትም። እግሩ ያብጣል፤ ሌሊት ጋደም ማለት ይሳነውና ተደግፎ ያድራል፤ ከዚያም አንድ ቀን ማለዳ ጎረቤት በቃሬዛ ይዞት ይወጣል።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮቪድ 19 በሽታ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ከመቀመጫቸው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ተወሰነ፤ የጉዞው ዋጋም ከፍ አለ። ትእዛዙ ከበሽታው መተላለፍ አንጻር ምክንያት ነበረው። ዳሩ ግን ለመድኃኒት ሲል በየወሩ ለሚጓዝ ድኻ ገበሬ የመጓጓዣው ዋጋ መጨመር ከቀጠሮ መቅረት ማለት ነው።

ከመንገዱ ይልቅ የከፋው ፍርሃት ነበር። የኮቪድ ምልክቶች ሳልና የትንፋሽ ማጠር ናቸው፤ የልብ ድካም ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ለዓመታት ሲስል የኖረ ሕመምተኛ በመንደሩ በዐይነ ቁራኛ የሚታይ ሆነ። ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ተለይቶ ወደ ማቆያ የሚወሰድ መሰለው፤ ቢሞት ደግሞ ቅሬው ተሰብስቦ በወጉ እንዳይቀብረው ሰጋ። ከሞት ይልቅ ያለ ቀባሪ መቅረትን የሚፈራ ሰው ሳሉን ቢደብቅ አያስደንቅም።

የዘመኑ አቆጣጠርም የራሱን ችግር ጨመረ። ዐዋጁ የወጣው በዐቢይ ጾም ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ረመዳን ሚያዝያ 16 ቀን ገባ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው በሚኖሩበት በዚህ ደጋ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት ከጾሙ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚመከረው በቀጠሮ ቀን ነው። ከቀጠሮው የቀረ ሰው የሚመክረው አያገኝም፤ የቀኑን ክኒን በራሱ ፈቃድ ይዘልላል።

ይህ ችግር የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። የዓለም የጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. ከ155 አገሮች በሰበሰበው መረጃ፣ የደም ብዛት ሕክምና በከፊል ወይም በሙሉ የተስተጓጎለባቸው አገሮች ከመቶ 53 ነበሩ። በለንደን በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት፣ በልብ ድካም የሚተኙት ሕሙማን ቁጥር ቀንሶ፣ የመጡት ግን ሕመማቸው ከቀድሞው የጠና ሆኖ ተገኝቷል። አምቡላንስ በደጁ የሚቆምለት የለንደን ነዋሪ ይህን ያህል ከዘገየ፣ ቃሬዛ የሚጠብቀው የወግዲ ገበሬ ምን ያህል እንደሚዘገይ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ወቅት ኢናላፕሪልና መሰሎቹ መድኃኒቶች ለኮቪድ ያጋልጣሉ የሚል ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ወዲያው መከሩ። ቆየት ብሎም በብራዚል በ659 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት፣ መድኃኒቱን ማቋረጥ ጥቅም እንደሌለው አረጋገጠ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ወሬ ከመድኃኒት ፈጥኖ ይደርሳልና፣ የባለሙያው ቃል ከወሬው መቅደም አለበት።

ቀጠሮን ለማራራቅ ሲባል የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት በወረርሽኙ ዘመን የተለመደ መፍትሔ ሆነ። ሕመምተኛውን ከዳገቱም ከተሕዋሲውም ስለሚያድነው መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን መድኃኒት ማደል ብቻውን ጥበቃ አይደለም። ፉሮሴማይድ የሚወስድ ሰው ሦስት ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቆይ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊቀንስ ይችላል፤ ዲጎክሲን አብሮ የሚወስድ ከሆነም ማቅለሽለሽና የዐይን መደናገር የመመረዝ ምልክቶች መሆናቸውን የሚነግረው ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን የሚወስደውማ ደሙ በየጊዜው ካልተመረመረ፣ ወይ ደሙ ይረጋበታል፣ ወይ ይፈስሰዋል። ስለዚህ የሦስት ወር መድኃኒት ለተረጋጋ ሕመምተኛ የሚሰጥ፣ በመካከሉም የሚጎበኘው ሰው የሚመደብበት መሆን ይገባዋል።

ይህን ጉብኝት ለመፈጸም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ የልብ ሕመምተኛ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው። በቀበሌ የምትገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሚዛን ይዛ ብትመዝነው፣ የእግሩን እብጠት በጣቷ ተጭና ብታይ፣ በወጡ ውስጥ ያለውን ጨው ብትጠይቅ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ስልክ ለመደወል ጊዜ ታገኛለች። የፔኒሲሊን መርፌም ቢሆን በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ሊሰጥ የሚችል ነው፤ ለመርፌ ብቻ ሲባል ወደ ሆስፒታል መመላለስ በወረርሽኝ ጊዜ ቀርቶ በደኅናውም ጊዜ ሕሙማንን ያስመርራል።

የኦክስጅን ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። በደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው እንኳ የደሙ ኦክስጅን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ያንሳል። ስለዚህ በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ በመካነ ሰላም ሲነበብ የአገሩ ከፍታ መታሰብ አለበት። ለኮቪድ የተሰበሰበው የኦክስጅን መሣሪያና ልምድ ወረርሽኙ ሲያልፍ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ ሳይሆን፣ ውኃ ሳንባው ውስጥ ሞልቶ ለሚመጣው የልብ ሕመምተኛ የሚያገለግል ሆኖ መቆየት ይኖርበታል።

ወረርሽኙ ገና ሳያልፍ ሌላ መከራ ተደረበ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ደረሰባት፤ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ጉዳት ደረሰበት፤ ከተማይቱ በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆይታ በኅዳር ወር መጨረሻ በመንግሥት ኃይሎች ተያዘች። የደጋው ሕሙማን ይላኩበት የነበረው በር ተዘጋ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዶችን ደጋግሞ አቋርጧል። የልብ ድካም ላለበት ሰው መንገዱን ያቋረጠው ተሕዋሲም ይሁን ጥይት ውጤቱ አንድ ነው፤ ክኒኑ ያልቃል፣ እግሩ ያብጣል። እንግዲህ ለወረርሽኝ ተብሎ የሚዘጋጅ ሥርዐት መንገድ ለሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ የሚያገለግል ሆኖ ቢዘጋጅ ድካሙ ከንቱ አይሆንም።

ከባለሙያው የሚጠበቀው ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ የልብ ድካም ሕሙማኑን በስም፣ በቀበሌና በስልክ መዝግቦ ይያዝ። ሕመምተኛው ራሱ ስልክ ባይኖረው የጎረቤቱ ወይም የቅሬው ስልክ ይጻፍ፤ ቅሬ ለቀብር እንደሚጠራራ ሁሉ ለመድኃኒትም ሊጠራራ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ከወትሮው የተረፈ የአንድ ወር ስንቅ መድኃኒት በእጁ ይኑር። ለልብ ሕሙማን ከትኩሳት ሕሙማን የተለየ ቀንና በር ይመደብ። ክትባት በሚመጣበት ጊዜም እነርሱ ከፊት ይሰለፉ።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ግን ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን ይታሰባል። ሕዝቡ መከራውን በጢስ አስታውሷል። የሐኪሙ፣ የነርሱና የፋርማሲስቱ መታሰቢያ ደግሞ መዝገብ ነው፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ ከቀጠሮው የቀረ አንድ ስም ሲገኝ፣ በማግስቱ የሚፈልገው ሰው ይኑር።