የተከፈለ ቀንና የተሰጠ ቀን
በቅድመ ክፍያ የቤት ስልክና ብሮድባንድ ላይ ስለሚደረግ የዋጋ ጭማሪ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



 ርእሴ በቅድመ ክፍያ የቤት ስልክና የብሮድባንድ አገልግሎት ላይ የሚደረገው የዋጋ ጭማሪ ነው። ነገሩን ግን ከታሪፍ ሠንጠረዥ ሳይሆን ከተወለድሁበት ከደብረ ታቦር፣ ከእናቴ ቤት ለመጀመር እወዳለሁ።

በአንድ ክረምት ለዕረፍት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ቆየ። እናቴ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጭ ሣጥን እየተመለከተች «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋም ይህ ነገር ብሬን ይበላል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የወር ጥቅል እንደ ሆነ፣ ቀኑም ቢሠራ ባይሠራ እንደሚቆጠር ነገርኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «የቀድሞው ስልክ እኮ በጨለማም ይጮህ ነበር» አለች። ይህን ሙያ ተምሬ የምኖርበት መሐንዲስ ሆኜ ሳለሁ የምመልሰው አጣሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ ዋጋ ለምን እንደሚጨምር በቅንነት መመልከት ይገባናል። የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንዳንድ አገልግሎቶቹ ላይ የዋጋ ማሻሻያ ማድረጉን አስታውቋል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ይኸው ድርጅት ቀደም ሲል በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የቋሚ ብሮድባንድን ዋጋ በ54 በመቶ፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና መቀነሱም መዘንጋት የለበትም። ዛሬ ፋይበር በቤታቸው የገባላቸው ብዙ ሰዎች ያንን በር ያገኙት በዚያ ቅነሳ ነው።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ወጪው ከሌላው ይብሳል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ ነገሩ ይገባችኋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በአንድ ወገን፣ ጥልቅ ሸለቆ በሌላ ወገን ሆኖ፣ ከተሞቹ በመንገዱ ዳር ተበታትነው ይገኛሉ። በአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ሜትር ገመድ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችን ሲያገኝ፣ በዚያ ግን ገመዱ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚያልፈው በገብስና በድንች ማሳ ላይ ነው። መብረቁ፣ የክረምቱ እርጥበት፣ ለጄኔሬተር የሚጓጓዘው ናፍጣ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዋጋ ፈጽሞ አይጨምር የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

ነገር ግን ዋጋ መጨመርና ቁና ማሳነስ ለየቅል ናቸው። ጤፍ ሻጭ ዋጋ ቢጨምር ገዢው ያየዋል፤ ይከራከራል፤ ካልተስማማው ትቶ ይሄዳል። ቁናው ቢያንስ ግን ገዢው ቤቱ ገብቶ እስኪሰፍር ድረስ አያውቅም። በቅድመ ክፍያ አገልግሎት ቁናው ቀን ነው። ጭማሪም በዚህ ቁና ሳይታይ ሊገባ ይችላል።

ለማስረዳት ያህል የሚከተለውን ስሌት እንመልከት፤ ቁጥሩ የማንም ድርጅት ታሪፍ አይደለም። አንድ የወር ጥቅል ለ30 ቀን 900 ብር ቢሆን፣ የቀኑ ዋጋ 30 ብር ይሆናል። ዋጋው ወደ 990 ብር ከፍ ብሎ ዘመኑ 28 ቀን ቢሆን፣ ማስታወቂያው 10 በመቶ ጨመረ ይላል፤ የቀኑ ዋጋ ግን 35 ብር ከ36 ሳንቲም ስለሚደርስ እውነተኛው ጭማሪ ወደ 18 በመቶ ነው። ከ28ቱ ቀናት አራቱ መሥመሩ ሳይሠራ ቢያልፉ ደግሞ፣ ደንበኛው አገልግሎት ላገኘበት ለእያንዳንዱ ቀን የከፈለው 41 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ይህን የመጨረሻውን ጭማሪ ማንም አልወሰነውም፤ በጋዜጣም አልታወጀም። ሆኖም ተከፍሏል።

እናቴ ስለ ቀድሞው ስልክ የተናገረችውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የመዳብ መሥመር ድምፅን ብቻ ሳይሆን ኀይልንም ይሸከም ነበር። በስልክ ማዕከሉ ውስጥ በተደረደሩ ባትሪዎች የሚመነጨው 48 ቮልት በዚያችው ቀጭን ሽቦ እስከ ቤት ድረስ ስለሚመጣ፣ የከተማው መብራት ቢጠፋም ስልኩ ይሠራል። ፋይበር ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እርጥበት አይጎዳውም፤ ፍጥነቱም ከመዳብ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን የቤቱ መብራት ሲጠፋ አነስተኛ ባትሪ ካልተገዛለት በስተቀር ስልኩም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ወደ ተሻለው መሥመር ስንሸጋገር፣ ቀድሞ የድርጅቱ የነበረውን የባትሪ ወጪ ሳንናገር ለደንበኛው አሸክመነዋል። ይህም ራሱን የቻለ የዋጋ ጭማሪ ነው።

እዚህ ላይ «መብራት የሚጠፋው በቴሌኮሙ ጥፋት አይደለም፤ ታዲያ ቀኑን ለምን ይመልሳል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። መልሱም የሚገኘው በራሳችን መሣሪያ ውስጥ ነው። በቤት ያለው የፋይበር ሣጥን ኀይል ሲቋረጥበት ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻ አጭር ምልክት ወደ ማዕከሉ ይልካል። ገመዱ ሲበጠስ ግን ምልክት ሳይደርስ ብርሃኑ ይጠፋል። ማዕከሉ ሁለቱን ለይቶ ከነሰዓቱ መመዝገብ ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም የሚለው ምክንያት አይጸናም። ገመዱ በተበጠሰበት ወይም የማዕከሉ ኀይል በተቋረጠበት ጊዜ የጥቅሉ ሰዓት እንዲቆም፣ መሥመሩም ሲመለስ ቆጠራው እንዲቀጥል ማድረግ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው። የቤቱ መብራት ለጠፋበት ጊዜ ድርጅቱ ተጠያቂ ባይሆንም፣ ለአነስተኛ ባትሪ የሚሆን ዋጋ ሣጥኑ በሚተከልበት ዕለት ለደንበኛው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በነበረበት ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ እናስታውስ። ያ ጊዜ መገናኛ ቅንጦት አለመሆኑን አስተምሮናል። ዛሬ በደብረ ታቦር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ውጤቱን የሚያየው በኢንተርኔት ነው። አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት የሌላውን ሰው ቅጽ እየሞላች የምትተዳደረው በአንድ ብሮድባንድ መሥመር ነው። የእርሷ አራት ቀን ሲጠፋ የሚጠፋው አራት ቀን ብቻ አይደለም፤ የተማሪው የምዝገባ ቀነ ገደብም አብሮ ያልፋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ለባንክና ለትልልቅ ድርጅቶች መሥመር ስንዘረጋ በውሉ ውስጥ መሥመሩ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚሠራ እንጽፋለን፤ ከዚያ ሲያንስም ከሒሳቡ እንዲቀነስ እንስማማለን። በወር መጨረሻ ለሚከፍለው ኀያል ይህን ዋስትና ስንሰጥ፣ አስቀድሞ ለሚከፍለው ደካማ ግን አልሰጠንም። ነገሩ መገላበጥ ነበረበት። አስቀድሞ የከፈለ ሰው ለድርጅቱ ያበደረ ሰው ነውና። ለባንክ የምንጽፈውን ውል ለእናቶቻችን አልጻፍንላቸውም።

ሕጉ በበኩሉ በሩን አልዘጋም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የጎደለው መብቱን በቁጥር የሚተረጉም ባለሙያ ነው።

በመሆኑም ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን አጥንቶ ለባለሥልጣኑና ለአገልግሎት ሰጪዎች እንዲያቀርብ በአክብሮት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም የቅድመ ክፍያ ጥቅል ሲታወጅ ከጠቅላላ ዋጋው ጎን የአንድ ቀኑ ዋጋ እንዲጻፍ፤ ጭማሪም ሲደረግ በዚሁ ልክ እንዲነገር። ሁለተኛ፣ አዲስ ዋጋ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ እንዲታወቅ፣ በቀድሞው ዋጋ የተገዛ ጥቅልም እስኪያልቅ ድረስ እንዳይነካ። ሦስተኛ፣ በአገልግሎት ሰጪው በኩል መሥመሩ የተቋረጠበት ጊዜ ከጥቅሉ ዘመን ላይ ደንበኛው ሳያመለክት በራሱ እንዲጨመር።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ዋጋው ላይቀንስ ይችላል፤ ምናልባትም ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን የሚከፍለው ሰው ምን እንደ ከፈለ ያውቃል። እኔም በሚቀጥለው ክረምት ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ ገመድ ተበጥሶ ያለፈውን ቀን ሣጥኑ እንደማይበላባት ለእናቴ መናገር እፈልጋለሁ። ይህን እንድናገር የምታስችሉኝ እናንተ ናችሁ።